የእናትን ጽናት በሥራዋ ማሳየት፦ ስለ አንድ ቤተሰብ የ10 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም አሠራር

ስለ ጽናትና ስለ ቤተሰብ የሚሠሩ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ብዙዎቹ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። እናትየው ወንበር ላይ ተቀምጣ የደረሰባትን ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፣ ከሥር ዋሽንት ይገባል፣ ፊልሙ ያልቃል። ተመልካቹ አዝኖ ይነሣል እንጂ ሴትየዋ ያን ሁሉ በምን እንዳለፈችው አላየም። ጽናት የሚታየው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ በምታሞቀው ምጣድ፣ ቆጥራ በምታስቀምጠው ብር፣ የልጇን ፀጉር በምታበጥርበት የእጅ ፍጥነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራዋን፣ ከዚያ ንግግሯን መቅረጽ ይሻላል። እዚህ ምሳሌ ያደረግነው አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናትን ነው፤ አሠራሩ ግን ለልብስ ሰፊም ለጥበቃ ሠራተኛም ያገለግላል።

ታሪኩና ፈቃዱ

ያለፈ መከራ ብቻውን ፊልም አይሆንም፤ ካሜራ ያለፈውን አይደርስበትምና። የሚያስፈልገው ቀረጻው በሚቆይባቸው 3 ወይም 4 ሳምንታት ውስጥ የሚሆን፣ ውጤቱ ገና ያልታወቀ ነገር ነው። የእቁብ ዕጣዋ ሊወጣ ነው፤ ትልቁ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ ነው፤ ምጣዷ ተቃጥሎ ከጎረቤት ተውሳ እየጋገረች ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ እስኪመጣ ጠብቁ። ሁለት ካገኛችሁ አንዱን ተዉት፤ 10 ደቂቃ ሁለት ታሪክ አይችልም።

ፈቃድ ላይ ግን ረጋ በሉ። በእኛ አገር ቤቱ ለመጣ እንግዳ «አይሆንም» ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው «እሺ» የይሉኝታ እሺ ነው ብላችሁ ተነሡ። አስረድታችሁ ውጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ስጡ፣ ከዚያ እሷ የማታፍራት እህቷ ወይም ጎረቤቷ እናንተ በሌላችሁበት እንድትጠይቃት አድርጉ። ስታስረዱም «ፊልም ልንሠራ ነው» ብቻ አትበሉ። ዩትዩብ ላይ ይወጣል ማለት አከራይዋ፣ የቀድሞ ባሏ ዘመዶች፣ የልጇ የክፍል ጓደኞች ያዩታል ማለት እንደሆነ በግልጽ ንገሯት። የቤቱን ሰው ሁሉ ለየብቻው ጠይቁ። ለልጆች ወላጅ ይፈርማል፤ ልጁም ግን ራሱ ይጠየቅ፤ «ትምህርት ቤቴን አታሳዩ» ካለ አይታይም። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡና የተስማማበትን በድምፅ ቅዱ። ሐሳቧን እስከ መቼ መቀየር እንደምትችልም ቀን ቆርጣችሁ ንገሯት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ለታሪኩ ክፍያ መስጠት ንግግሩን ያበላሸዋል። በእናንተ ምክንያት የጠፋውን መተካት ግን ግዴታ ነው። በቀን 100 እንጀራ የምትጋግር ሴት እናንተ ስትመላለሱ 70 ላይ ከቆመች የ30ውን ዋጋ ክፈሉ።

መሣሪያ

ስልክ ይበቃል። ከስልኩ በፊት ገንዘብ የሚወጣበት ማይክሮፎን ነው፤ ደብዛዛ ምስል ይታለፋል፣ የማይሰማ ንግግር ግን ተመልካቹን በመጀመሪያው ደቂቃ ያስወጣዋል። ልብስ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ሁለት፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ አንድ፣ የጆሮ ማዳመጫ አንድ፣ ፓወር ባንክ ሁለት ያዙ። መብራት ስለሚጠፋ ሁሉንም ከዋዜማው ቻርጅ አድርጉ።

የስልኩ የራሱ ካሜራ የፍሬም ፍጥነቱን (በሰከንድ የሚያነሣውን የምስል ብዛት) እንደ ብርሃኑ ይቀያይራል፤ ይህም ለብቻ የተቀዳን ድምፅ ከምስሉ ጋር ስታገጣጥሙ ከንፈርና ቃል እያደር እንዲለያዩ ያደርጋል። እንደ ብላክማጂክ ካሜራ ያለ ነፃ መተግበሪያ ጭናችሁ በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ ቆልፉት፤ የመዝጊያውን ፍጥነት (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። ምክንያቱ መብራቱ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚህ ጋር በማይገጥም ፍጥነት አንዳንድ አምፖሎች ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ያንሸራትታሉ። አሜሪካና ሳዑዲ ዓረቢያ 60 ኸርዝ ስለሆኑ እዚያ 30 ፍሬምና 1/60 ይሻላል፤ ኤምሬትስና እስራኤል እንደ እኛ 50 ናቸው። ኤችዲአርን (ብሩህና ጨለማ ቦታን አብሮ የሚያሳየውን የስልኩን ቅንብር) አጥፉ፤ ካልጠፋ ኤዲት ስታደርጉ ቀለሙ ነጣ ብሎ ይመጣል። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ስልክ ሲደወል ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል።

አይፎን በራሱ ካሜራ፣ ፋይሉን በሚያሳንሰው መደበኛ ሁነታ፣ በ1080 ጥራት ለአንድ ደቂቃ 60 ሜጋባይት፣ በ4ኬ 170 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ለ10 ደቂቃ ፊልም ከ6 እስከ 8 ሰዓት ስለምትቀርጹ በ1080 ቢያንስ ከ22 እስከ 29 ጊጋባይት አዘጋጁ። በየማታው ሁለት የተለያየ ቦታ ሳትገለብጡ ከስልኩ ምንም አታጥፉ።

ሥራዋን መቅረጽ

የመጀመሪያውን ቀን ያለ ካሜራ አሳልፉ። የት እንደምትቆም፣ ብርሃን ከየት እንደሚገባ፣ ልጆቹ መቼ እንደሚነቁ እዩ። በሁለተኛው ቀን የጋገራውን መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅረጹ።

ጋገራ በደንብ ከተያዘ ያለ አንድ ቃል ይናገራል። ምጣዱን በጎመን ዘርና በማሰሻ ስታሰስ፣ ሊጡን ከጠርዝ ጀምራ ወደ መሐል እያዞረች ስታፈስ፣ ዓይን ሲያወጣ፣ አክንባሎውን ስትከድን፣ እንፋሎቱ በጎን ሲያመልጥ፣ ስትከፍት፣ በሰፌድ ስታወጣ። እያንዳንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ ያዙ፤ ድርጊቱ ካለቀ በኋላም 5 ሰከንድ ጨምሩ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እጇ ወደ ሰፌዱ ሲሄድ ካሜራውን ያነሣል፣ ኤዲት ላይ መቁረጫ ያጣል። አንድ ዙር በሰፊው፣ አንድ ዙር እጇ ላይ፣ አንድ ዙር ፊቷ ላይ ቅረጹ። ሥራው ስለሚደጋገም «እስቲ እንደገና አፍስሺው» ማለት አያስፈልግም፤ ቀጣዩን እንጀራ መጠበቅ ነው።

እንፋሎት ሌንስ ያጨልማል። ስልኩን ከቀረጻው 15 ደቂቃ በፊት ጋገራው ክፍል ውስጥ አስቀምጡት፣ ከምጣዱ አንድ ሜትር ያህል ራቁ፣ ከላይ ሳይሆን ከጎን ቁሙ። እንፋሎቱ በደንብ የሚታየው በሩ ወይም መስኮቱ ከእሱ ጀርባ፣ ወደ ጎን ገባ ብሎ ሲሆንና ከኋላው ጨለም ያለ ግድግዳ ሲኖር ነው። የተከፈተ በር ፊት ለፊት ካስገባችሁ ግን ስልኩ ለበሩ ብርሃን ብሎ ፊቷን ያጠቁረዋል። የብርሃን መጠኑን ፊቷ ላይ ነክታችሁ ቆልፉ፣ በሩ ይንጣ።

ውጭ ስትቀርጹ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል።

ቤተሰቡን እርስ በርስ ሲነጋገር ለመያዝ ሥራ ያስፈልጋል። እናትና ልጅን «እስቲ አውሩ» ብትሏቸው ሁለቱም ካሜራውን ያያሉ። ምስር ሲለቅሙ ግን ዓይናቸው ሰፌዱ ላይ ስለሚሆን ወሬው በራሱ ይመጣል። ቡናም እንዲሁ ነው። አቦሉ ላይ ጨዋታው የእንግዳ ጨዋታ ነው፤ ቶናው ላይ ይላላል፤ በረካው ላይ ቤተሰቡ የራሱን ጉዳይ ያነሣል። ማይኩን ከአቦሉ በፊት በፈቃድ ሰክታችሁ ካሜራውን ጥግ ላይ አቁሙና ራሳችሁም ቡናውን ጠጡ።

ዓረብ አገር ያለች እህት ወይም ልጅ ካለች የኢሞ ጥሪው የፊልሙ ልብ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኩል ያለችውም ፈቃዷን ትስጥ፤ የአሠሪዎቿ ቤትና ፊታቸው እንዳይታይ ድምፁን ብቻ መጠቀም ይመረጣል። በእሷ ላይ የሚመጣው ጣጣ ከእናንተ ፊልም ይበልጣል።

የድሮ ፎቶዎችን ከመስተዋቱ አውጥታችሁ መስኮት አጠገብ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፉ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ይሁን። አልበም ላይ ተጣብቆ የቆየን ፎቶ ለመላጥ አትሞክሩ፤ ቀለሙ ላስቲኩ ላይ ይቀራል።

ቃለ መጠይቁ

ሥራውን ከቀረጻችሁ በኋላ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይሁን። በዚህ ጊዜ ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ፣ እሷም ለምዳችኋለች። በሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ያዙት፤ ከሰዓት ዝናብ ከጣለ ቆርቆሮው ንግግሩን ይውጠዋል። አቅራቢያው ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ድምፅ ማጉያ የሚከፍትበትን ሰዓትም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ራዲዮ ይዘጋ፤ ከኋላ የገባ ዘፈን ዩትዩብ ላይ የባለመብት ጥያቄ ያስነሣል። ማቀዝቀዣውን ስታጠፉ የራሳችሁን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡ፤ ሳታበሩት አትሄዱም።

ማይኩን ከአገጯ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ስኩ። ማተቧ ላይ ያለው መስቀል ማይኩን እየመታ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ማተብ አውልቂ አይባልም፣ ማይኩን ወደ ጎን አርቁት። ሒጃብ ለምትለብስ እናት ከጨርቁ ሥር ሳይሆን ውጭ ጠርዙ ላይ ይሁን፤ ራሷ ትሰካው ወይም ሴት ባልደረባ ትርዳት። የድምፁ ከፍታ መተግበሪያው ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል ይጫወት። ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ፤ የተቆረጠ ቦታ የሚደፈነው በሱ ነው።

አጠራሩ ቀላል ነገር አይደለም። ለአንጋፋ እናት «እማማ» ወይም «እትዬ»፣ «እርስዎ»፤ ለእኩያ «አንቺ»። የጀመራችሁትን መሐል ላይ አትቀይሩ፣ ኤዲት ላይ ሁለት ሰው ያወራት ይመስላል።

«ያን ጊዜ እንዴት ቻሉት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሚመጣው መልስ «ተመስገን፣ ሁሉም ያልፋል» ነው። መልሱ እውነት ነው፣ ግን ምስል የለውም። «ብቻዎን የቀሩ ዕለት ማታ ልጆቹን ምን አበሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የመጀመሪያዋን እንጀራ ለማን ሸጡ? ብሩን የት አስቀመጡት?» ቀን፣ ቦታ፣ ዕቃ፣ ሰው ያለበት ጥያቄ ትዕይንት ይወልዳል። የእናንተ ድምፅ ስለሚቆረጥ መልሷን ከጥያቄው እንድትጀምር አስረዱ፤ «ሁለት ዓመት» ሳይሆን «ኪራይ ሳልከፍል የቆየሁት ሁለት ዓመት ነው» ትበል። መልሷ ሲያልቅ እስከ አምስት ቁጠሩ። ያ ዝምታ ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር ያመጣል።

ካለቀሰች ካሜራውን አታቅርቡ። «ላቁም?» በሉ፣ የምትለውን አድርጉ። የመጨረሻው ጥያቄ ግን የነገ ይሁን፤ ሰው ቁስሉ ተከፍቶ ተትቶ አይኬድም። ጠቅላላው ከ90 ደቂቃ አይለፍ።

ማቀናበር

ንግግሩን ሁሉ፣ ቪዲዮው ላይ ከሚገኝበት ደቂቃና ሰከንድ ጋር፣ ጻፉት። የአንድ ሰዓት ንግግር በእጅ ለመጻፍ 5 ወይም 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ያለዚህ ግን ጥሩው ዓረፍተ ነገር የት እንደነበረ ፍለጋ ሳምንት ያልቃል። ከዚያ አትማችሁ በመቀስ ቆራርጡና ወለል ላይ ደርድሩ። የመጀመሪያው 40 ሰከንድ ሥራ ብቻ ይሁን፣ ንግግር አይግባ። እስከ 2 ደቂቃ አሁን የሚጠበቀው ነገር (እቁቡ፣ ፈተናው) ይታወቅ። ያለፈው መከራ ከ4ኛው ደቂቃ በፊት አይምጣ፤ ተመልካቹ ሴትየዋን በሥራዋ ካወቃት በኋላ ሲሰማው ከአዘኔታ ይልቅ አክብሮት ይዞ ይሰማዋል።

በምስሉ የታየውን በቃል አትድገሙ። «ሌሊት እነሣለሁ» ስትል ሌሊት ስትነሣ የሚያሳይ ምስል ካለ ከሁለቱ አንዱን አውጡ። ሙዚቃ በተቻለ መጠን አይኑር፤ የምጣዱ ድምፅ ይበቃል። ካስፈለገ ክራር የሚመታ ሰው ቀጥራችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ፊደላችን ባዶ ሣጥን ሆኖ ከመጣ ችግሩ ቅርጸ ፊደሉ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭናችሁ ምረጡ። ለብቻው የሚወጣውን የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ፊደላችንን በሚይዘው የጽሑፍ ዓይነት፣ በዩቲኤፍ-8፣ አስቀምጡ።

የእንግሊዝኛ ትርጉም ስትሠሩ በአንድ መስመር 42 ፊደል፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አትለፉ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ሦስቱንም ልጆቼን እናቴ ጋ ጥዬ... ሄድኩ» ስትል ትርጉሙ መሄዷን ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ይናገርባታል። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈሉና «ሄድኩ» ከአፏ ሲወጣ ብቻ ይታይ። «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ አረረ» የሚሉትን በስሜታቸው ተርጉሙ፤ ሆድና አንጀት ቃል በቃል ከተተረጎመ የውጭ ተመልካች ሕመም ይመስለዋል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ቤቷ ሄዳችሁ ከቤተሰቡ ጋር እዩት። መጀመሪያ እሷ ብቻዋን፣ ቀጥሎ ከልጆቿ ጋር ትየው፤ ልጆቹ የማያውቁት ነገር ውስጡ ሊኖር ይችላልና። ስታይ ፊቷን እዩ። «ጥሩ ነው» ብላ ዓይኗን ከሰበረችበት ቦታ ላይ ይሉኝታ አለ፤ ያንን ክፍል ለብቻዋ ስትሆን እንደገና ጠይቋት፣ ካመነታች አውጡት። የመጨረሻውን ቅጂና የፎቶዎቹን ቅጂ በፍላሽ አድርጋችሁ ስጧት፤ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ከሌለ ፍላሹ የሚገባበት ቴሌቪዥን መኖሩን አረጋግጡ፣ ካልሆነ ስልኳ ላይ ጫኑላት።