ትልቅ ካሊፐር ከተገጠመ በኋላ የፍሬን ፔዳሉ ሲለሰልስ

ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፊት ጎማዎቹ ላይ ከተገጠመ ወዲህ የፍሬኑ ፔዳል ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ግን ይጠነክራል። ከመስመሩ አየር ለማስወጣት ተደጋግሞ ተሞከረ፣ ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ተሞላ፣ ለውጥ የለም። ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ካሊፐሮቹ የሚገፋው) ጤነኛ ነው፤ መውጫዎቹ በብሎን ሲደፈኑ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። እንግዲህ ችግሩ ከዚያ በታች ነው።

የአየር ማስወጫዋ ብሎን ከካሊፐሩ ግርጌ ነበረች፤ የግራውና የቀኙ ተለዋውጠዋል። አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ ከታች የሚወጣው ንጹህ ዘይት ብቻ ነው፤ አረፋ አለመታየቱ የሚያታልለውም ለዚህ ነው።

ካሊፐሮቹን አቀያይሮ ብሎኗን ወደ ላይ ማድረግ፣ ቱቦው ሲታሰር የመዳብ ዋሸሮቹን በአዲስ መተካት። ከዚያ ረዳት ፔዳሉን ረግጦ እንደያዘ ብሎኗን መክፈት፣ እግሩን ሳያነሳ መዝጋት። ካሊፐሩ ሁለት ማስወጫ ካለው ሁለቱንም። በመጀመሪያው ዙር የወጣው አረፋ ጠርሙሱን አስፈላው።