ለአሮጌ ሰርቨር ርካሽ ዕቃ ሲፈለግ፦ ችግርና መፍትሄ

ያገለገለ ሰርቨር ራሱ ብዙ አያስወጣም፤ ኪስ የሚያራቁተው በኋላ የሚገዛለት ዕቃ ነው። ዕቃው ሰላም ሆኖ ሳለ ከማሽኑ ጋር ስላልተስማማ ብቻ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው ቀላል አይደለም።

ራም ሲጨመር ማሽኑ አልነሳም ይላል፣ ወይም ግማሹን ብቻ ያሳያል

መጀመሪያ የራሙን ዓይነት ይዩ። ዩዲም (ተራ ዴስክቶፕም የሚጠቀመው)፣ አርዲም እና ኤልአርዲም (ሁለቱ የሰርቨር) በአንድ ማሽን ውስጥ አይደባለቁም። የዴስክቶፕ ዲዲአር3 ራም ከሰርቨሩ ስሎት ልክ ስለሚገባ ብዙ ሰው ያሳስታል። መለየት የሚቻለው ከተለጠፈበት ጽሑፍ ነው፦ ከፍጥነት ቁጥሩ (ለምሳሌ 12800) ቀጥሎ «አር» ካለ አርዲም፣ «ኢ» ካለ ኢሲሲ (የራም ስህተት ማረሚያ) ያለው ዩዲም፣ «ኤል» ካለ ኤልአርዲም ነው። ርካሹ ብዙ ጊዜ አርዲም ነው፤ ተራ ዴስክቶፕ ስለማይቀበለው ፈላጊው ጥቂት ነው።

ዓይነቱ ትክክል ሆኖ ግማሹ ከጠፋ፣ ሁለተኛው ፕሮሰሰር መኖሩን ያረጋግጡ። ባለ ሁለት ሶኬት ማሽን ላይ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ስሎቶች አሉት፤ ፕሮሰሰሩ ከሌለ ስሎቶቹም አይሠሩም፣ አንዳንድ የካርድ ስሎቶችም እንዲሁ። ሁለቱም ካሉ አንድ ራም ብቻ ኤ1 ላይ ሰክተው ያስነሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይጨምሩ። ማሽኑ እምቢ ያለበት ላይ ራሙን በሌላ ይቀይሩ፤ ችግሩ ከራሙ ጋር ከሄደ ራሙ ነው፣ ከቀረ ስሎቱ ነው።

ሃርድ ዲስኩ ይታያል፣ ግን መጠኑ ዜሮ ነው ወይም ፎርማት አይደረግም

ከትልልቅ ስቶሬጅ ማሽኖች የወጣ የሳስ (የሰርቨር ማገናኛ ያለው) ዲስክ ብዙ ጊዜ ሴክተሩ (ዳታ የሚጻፍበት ትንሹ ክፍል) 520 ባይት ነው፤ ተራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚፈልገው 512 ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ በርካሽ የሚሸጠውም ለዚህ ነው፤ ማስተካከሉን ለሚያውቅ ጥሩ ግዢ ነው። ዲስኩን ዲስኮችን በሚያጣምረው ሬይድ ካርድ ሳይሆን፣ ዲስኩን በቀጥታ ለሲስተሙ በሚያሳየው ኤችቢኤ (ወይም እንደዚያ የሚያሠራው አይቲ ሞድ በተጫነበት ካርድ) ያገናኙ፣ ከሊኑክስ የኤስጂ3 ዩቲልስ ጥቅል ውስጥ ያለውን ኤስጂ ፎርማት የተባለ ትዕዛዝ የሴክተሩን መጠን 512 አድርገው ያሂዱ። ያለው ዳታ ሁሉ ይጠፋል፣ ሰዓታትም ይወስዳል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ዲስኩ ፎርማቱ እንደገና እስኪያልቅ ድረስ አይሠራም፤ ዩፒኤስ ካለ አሁን ነው የሚያስፈልገው።

ሳታ (የተራ ኮምፒውተር) ዲስክ የሳስ ቦታ ላይ ይገባል፣ ሳስ ግን ሳታ ላይ አይገባም። ሲገዙ በስማርትሲቲኤል (የዲስክ ጤና ማሳያ ፕሮግራም) «ግሮውን ዲፌክት» (ሥራ ከጀመረ በኋላ የተበላሹ ቦታዎች) የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፦ ዜሮ ከሆነ ደህና ነው፤ ከአንድ ሙሉ ንባብ በኋላ ከጨመረ ይመልሱት። የሠራበት ሰዓት መብዛቱ ብቻውን አያስፈራም።

ፋኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል

ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ ወይም የባዶ ቦታ መሸፈኛ ከጎደለ አየሩ አቅጣጫውን ይስታል። ወጪ የለውምና ከዚህ ይጀምሩ። ጩኸቱ የመጣው አዲስ ካርድ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ፣ ማሽኑ ካርዱን ስለማያውቀው ለጥንቃቄ ፍጥነት ጨምሯል ማለት ነው፤ በዴል ፓወርኤጅ ሰርቨሮች 12ኛና 13ኛ ትውልድ ላይ ይህን በአይፒኤምአይቱል (ሰርቨሩን በትዕዛዝ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ማጥፋት ይቻላል።

ፕሮሰሰሩ ተቀይሮ ስክሪኑ ጨለማ ነው

ዜኦን ኢ5-2600 ቪ2 (የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር) ከመግጠምዎ በፊት በነባሩ ፕሮሰሰር ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) ያድሱ። የቪ2 ሶኬት 2011 ሲሆን ቪ3 እና ቪ4 ሶኬታቸው 2011-3 ነው፤ ስሙ ቢመሳሰልም አይገጥምም።

የጠፋ ዕቃ በስሙ ሲፈለግ ውድ ይሆናል

በቁጥሩ ይፈልጉት። ዴል ዕቃው ላይ ከዜሮ ቀጥሎ አምስት ፊደልና ቁጥር ያትማል፤ ፍለጋው በአምስቱ ነው። ኤችፒ ለአንድ ዕቃ ከአንድ በላይ ቁጥር አለው፦ አዲስ የሚሸጥበት በ«ቢ21» ያልቃል፣ የመለዋወጫው በ001። ሁለቱንም ካልፈለጉ ርካሹ ያመልጥዎታል። ፓወር ሰፕላይም ሁለተኛ ሲጨመር በዋት ብቻ ሳይሆን በቁጥር ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰል፤ 495 ዋቱን ከ750 ጋር ካጣመሩ ማሽኑ አለመጣጣም ብሎ ያስጠነቅቃል።