አሮጌ ኦሲሎስኮፕ እንዴት ይጠገናል? ሥራው የሚጀምረው ከመሰካታችሁ በፊት ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኮምቦልቻ አንድ ባለ 20 ሜጋኸርዝ ኦሲሎስኮፕ በጆንያ ተጠቅልሎ ደሴ ድረስ መጣልኝ። መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ነበር። ያመጣው ሰው «እስቲ ወንድሜ፣ ሰካውና እንየው» አለኝ፤ ሰካሁት። አረንጓዴዋ መስመር ጥርት ብላ ወጣች፤ ሁለታችንም ደስ አለን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተን፣ ጢስም ተከተለ። ስከፍተው አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ክፍል) ሾርት አድርጓል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊውዙ ተቃጥሎ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ከእኔ በፊት የነካው ሰው በሞተው ፊውዝ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞበት ኖሯል። ፊውዙ አልበጠስ ሲል ትራንስፎርመሩ ነደደ። ካፓሲተር የትም ይገኛል፤ የዚያ ሞዴል ትራንስፎርመር ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ውስጡን ሳላይ የምሰካው አሮጌ መሣሪያ የለም። ከዚህ በታች ያለው የምሠራበት ቅደም ተከተል ነው።

ኦሲሎስኮፕን ለማያውቅ ሰው፦ ቴስተር «12 ቮልት አለ» ብሎ ቁጥር ይነግራችኋል፤ ኦሲሎስኮፕ ደግሞ ያ 12 ቮልት የረጋ ይሁን የሚርገበገብ በዓይናችሁ ያሳያችኋል። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን የካቶድ ጨረር ቱቦውን የሠራው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሥራው እስከ ዛሬ ያው ነው። የ1970ዎቹና የ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሣሪያዎች ትልቁ ጸጋቸው እንዲጠገኑ ታስበው መሠራታቸው ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦሬጎን ውስጥ የተቋቋመው ቴክትሮኒክስ በ1972 ላወጣው 465 የሚባል ባለ 100 ሜጋኸርዝ ሞዴል የጻፈው የጥገና መመሪያ ሙሉውን ሰርኪት፣ በየነጥቡ መገኘት ያለበትን ቮልት፣ የሞገዱን ቅርጽ ሳይቀር ይዟል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር አንብባችሁ መመሪያውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ያለ መመሪያ የሚሠራ ሰው በጨለማ የሚዳብስ ነው።

መጀመሪያ፦ ጀርባውን አንብቡ

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የቮልት መምረጫው 115 ላይ ሊሆን ይችላል። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። መምረጫውን ወደ 220 ወይም 230 አዙሩ፤ ፊውዙንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን የፊውዙ አምፔር ወደ ግማሽ ይወርዳልና። ትክክለኛው ቁጥር ጀርባው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። ፊውዙን አውጥታችሁ እዩት። ሽቦ ከተጠመጠመበት፣ ያ መሣሪያ ቀድሞ በሆነ ምክንያት ፊውዝ እንዳቃጠለ ነገራችሁ ማለት ነው።

የመሬት ሽቦውን ነገር አጥብቄ ልናገር። የፕሮቡ (የመለኪያ ሽቦው) ጥቁር መቆንጠጫ ከብረት ቀፎው ጋር፣ ቀፎውም በስፒናው ሦስተኛ እግር በኩል ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ሶኬቱ አልገባ ስላለ ብቻ ያቺን እግር ቆርጦ የሚጠቀም አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ውስጥ አንድ ሽቦ ቀፎውን ቢነካ የምትጨብጡት ብረት 220 ቮልት ይሆናል። ቤታችሁ የመሬት ሽቦ ከሌለው መጀመሪያ እሱን አሠሩ፤ ከኦሲሎስኮፑም ይቀድማል።

ሁለተኛ፦ ክፈቱት፣ አጽዱት

ብዙ ዓመት ያልተሰካ መሣሪያ ውስጡ የቀረ ኃይል አይኖረውም፤ አንዴ ከሰካችሁት በኋላ ግን ነቅላችሁትም ቢሆን ካፓሲተሮቹ ይዘው ይቆያሉ። ከነቀላችሁ በኋላ ቡና ተቆልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ጠብቁ። ቀጥሎ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በ2 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር አራግፉ። በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ ቦርዱንም ካፓሲተሩንም ይጎዳል። ከዚያ በቴስተር ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ።

የስክሪኑ ቱቦ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀላሎቹ ኦሲሎስኮፖች 2 ሺህ ቮልት ገደማ ይጠቀማሉ፤ 465 ደግሞ ወደ 18 ሺህ ይደርሳል። እዚያ አካባቢ እጃችሁን አታስገቡ፤ በተራ ቴስተርም አትለኩ። ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለን፤ ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ቴስተሮች ላይ የሚጻፈው የደህንነት ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። ቱቦው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከተመታ ወደ ውስጥ ፈንድቶ መስታወት ይረጫል፤ መነጽር አድርጉ።

አቧራውን ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዛችሁ እያራገፋችሁ በንፋስ አውጡት። የኮምቦልቻ መሣሪያ አቧራ ይበዛበታል፤ የደሴው ደግሞ በጉሙ የተነሳ እርጥበት ይዞ ይመጣል። አቧራና እርጥበት ሲገናኙ በከፍተኛ ቮልቱ አካባቢ የኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናሉ። ለማጽጃ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይሻላል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ በክረምት ቶሎ አይደርቅም። ቤንዚንና ላምባ የሚጠቀሙ አሉ፤ ፕላስቲኩን ይበላል፣ እሳትም ይጠራል፤ በፍጹም አትሞክሩት። ካጸዳችሁ በኋላ ሞቅ ባለ ክፍል ሁለት ቀን ተዉት።

ሦስተኛ፦ ዓይናችሁን አምናችሁ ፈልጉ

ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያንጠባጠበ ካፓሲተር፣ የጠቆረ ሬዚስተር፣ የአይጥ ሽንት ያዛገው የቦርድ መስመር ፈልጉ። ከመብራት መግቢያው አጠገብ ቢጫ ግልጽ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ካፓሲተር ካያችሁ፣ ቢሠራም ባይሠራም አውጡት። ውስጡ ወረቀት ነው፤ በስንጥቁ እርጥበት ይስባል፤ አንድ ቀን ይጨስና ክፍሉን ያጥናል። በምትኩ ኤክስ 2 የተባለውን ዓይነት፣ 275 ቮልት የተጻፈበትን አስገቡ።

አራተኛ፦ በአምፖል በኩል አብሩት

አንድ 60 ወይም 100 ዋት አምፖል ፈልጉ፤ ክሩ የሚግለውን የድሮውን፣ ኤልኢዲ አይሆንም። የፌዙ ሽቦ በአምፖሉ አልፎ ወደ መሣሪያው እንዲሄድ አድርጉ። ስታበሩት አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ አምፖሉ ግን ኃይሉን ስለወሰደላችሁ የሚቃጠል ነገር አይኖርም። ያ ከኮምቦልቻ የመጣው መሣሪያ በዚህ አምፖል በኩል ቢበራ ኖሮ ትራንስፎርመሩ ዛሬም በሕይወት ነበር። ስዊቺንግ የኃይል ክፍል ባላቸው በኋላኞቹ ሞዴሎች ላይ አምፖሉ ሊያሳስት ይችላል፤ በትራንስፎርመር በሚሠሩት ላይ ግን ታማኝ ነው።

አምስተኛ፦ ቮልቶቹን ለኩ

ከሥራው ግማሹ እዚህ ነው። መስመሩ ቢጠፋ፣ ቢወላገድ፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት የኃይል ክፍሉን አጣሩ። አምፖሉን ከመንገዱ አውጡና መሣሪያውን በቀጥታ ሰክታችሁ መመሪያው ያዘዛቸውን ቮልቶች አንድ በአንድ ለኩ። በ465 ላይ ለምሳሌ 110፣ 55፣ 15፣ 5 እና ኔጌቲቭ 8 ቮልት አሉ። ከ55ቱ ጀምሩ፤ ሌሎቹ መነሻቸውን የሚወስዱት ከእሱ ነውና እሱ ከተሳሳተ ሌሎቹን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። አንድ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ሁለት እጅ ገብቶ የሚይዝ ኤሌክትሪክ በደረት በኩል ያልፋል።

ቮልቱ ትክክል ሆኖ መስመሩ ከረገበገበ ቴስተሩን ወደ ኤሲ አዙራችሁ ያንኑ ነጥብ ለኩ። ጥቂት ሚሊ ቮልት መሆን ያለበት ከፍ ካለ ማጣሪያው ካፓሲተር ደርቋል። በእኛ 50 ኸርዝ መስመር ላይ ይህ መርገብገብ 100 ኸርዝ ሆኖ ይታያል።

አንዱ ቮልት ወደ ዜሮ ከወደቀ ነቅላችሁ፣ አራግፋችሁ፣ በዚያ መስመርና በመሬት መካከል ኦሙን ለኩ። ጥቂት ኦም ብቻ ከሆነ ሾርት አለ። ወደየቦርዱ የሚሄዱትን ስፒናዎች አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ሾርቱ ሲጠፋ ጥፋተኛው ቦርድ ተገኘ። በዚያ ቦርድ ላይ መጀመሪያ የውሃ ጠብታ የሚመስሉትን ታንታለም ካፓሲተሮች ጠርጥሩ፤ አንዳንድ እግራቸውን እያነሳችሁ ለኩ። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አብሽሩ፣ ይገኛል።

ስትተኩ መጠኑ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚችል ይሁን። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በአሉሚኒየሙ ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ኔጌቲቩን ያሳያል፤ በታንታለም ላይ ያለው መስመር ግን ፖዘቲቩን። ይህን ያላወቀ ሰው ገልብጦ ይበይድና ካፓሲተሩ ፊቱ ላይ ይፈነዳል። ከሞተ ዲሽ ሪሲቨር የወጣ ካፓሲተር ለሙከራ ይሆናል፤ ለዘለቄታው አዲስ ግዙ።

ስድስተኛ፦ መስመሯን አውጡ

ቮልቶቹ ደህና ሆነው ስክሪኑ ከጨለመ መቆጣጠሪያዎቹን እዩ። ብርሃኑን መሃል፣ የቦታ መዞሪያዎቹን መሃል፣ ትሪገሩን አውቶ፣ ጊዜውን 1 ሚሊ ሰከንድ አድርጉ፤ ኤክስ ዋይ የሚለውን አጥፉ። «ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ መካከል በዚህ ብቻ የተነሱ አሉ። ቢም ፋይንድ የሚል ቁልፍ ካለው ስትጫኑት መስመሯ በየት በኩል እንደወጣች ያሳያችኋል። የቱቦው አንገት ላይ ብርቱካናማ ፍም ከሌለ ክሩ አልበራም ማለት ነው። መስመሯ ወደ አንድ ነጥብ ከተሰበሰበች ብርሃኑን ወዲያው ቀንሱ፤ የቆመ ነጥብ ስክሪኑን ያቃጥላል፣ ጠባሳውም አይለቅም።

ስታዞሩት የሚንጫጫ መዞሪያ ካለ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ ጥቂት ነፍታችሁ ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ አዙሩት። በወርቅ የተለበጡ ስስ ኮንታክቶችን ግን በአልኮል የራሰ ንጹሕ ወረቀት በመሃላቸው ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ፤ በካቻቢቴ ጫፍ አትፋቋቸው።

ሰባተኛ፦ እውነት መናገሩን ፈትኑ

ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ መፈተኛ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎኸርዝ ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ ታወጣለች። ባለ 10 እጥፍ ፕሮባችሁን አገናኙና ማዕዘኖቹ እስኪቀኑ ድረስ የፕሮቡን ትንሽ ብሎን አዙሩ። ለቮልቱ አንድ ባትሪ ይበቃል፦ በቴስተር 1.6 ካነበባችሁ፣ ፕሮቡ 1 እጥፍ ላይ ሆኖ፣ በ0.5 ቮልት መለኪያ፣ ዲሲ ላይ፣ መስመሯ 3.2 የስክሪን ሣጥን መውጣት አለባት። ለጊዜው አራት እግር ያለው 10 ሜጋኸርዝ የብረት ክሪስታል ኦሲሌተር በ5 ቮልት አብሩ፤ በ0.1 ማይክሮ ሰከንድ መለኪያ በእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ሞገድ ታገኛላችሁ። ከሶኬት በቀጥታ አትለኩ።

ከጥገናው በኋላ

መሣሪያው ሥራ ባይኖረውም በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት አብሩት፤ በክረምት በየሳምንቱ ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ያወጣለታል። መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ሲመጣም መስመሩ እስኪረጋ ትንሽ ቆዩ። ደጋ ላይ የሳሳው አየር ሙቀት ቶሎ አያነሳም፤ ስለዚህ በስተላይ ወረቀት አትደርድሩበት፣ ጨርቁንም ካጠፋችሁት በኋላ አልብሱት። የለካችኋቸውን ቮልቶች ከነቀናቸው ጽፋችሁ ከክዳኑ በስተውስጥ ለጥፉ። እኔ ጋ ያለው አንዱ ወረቀት ላይ 14.98 ብዬ የጻፍኩት በሦስተኛ ዓመቱ 14.6 ሆኖ አገኘሁት፤ ካፓሲተሩን የቀየርኩት መስመሯ ገና ሳትንቀጠቀጥ ነው።