ትሉ ያልቃል፣ ዓሣው የለም፦ በበልግ ውሃ ዳር ለሚያሰግሩ ችግርና መፍትሄ

ዐቢይ ጾም ገብቶ የበልግ ዝናብ ጅማ ዙሪያ መጣል ሲጀምር ዘንግ ይዞ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ የሚወርደው ሰው ይበዛል። ማምሻውን የሚሰማው አቤቱታም አብሮ ይበዛል። ዘንግ አያያዝና ክር አወራወር ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። የምጽፈው ዓሣው ለምን እንደማይያዝ፣ ከተያዘ በኋላም ለምን እንደሚያመልጥ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ቀን የሚያዘው ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና ማታ የሚያዘው ባለ ጢሙ አምባዛ በአፍ መጠን፣ በአመጋገብም ሆነ በጉልበት አይገናኙም። ለሁለቱም አንድ መንጠቆ፣ አንድ ክርና አንድ የክር ማክበጃ እርሳስ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀን ትሉን፣ ማታ ክሩን ይገብራል።

ትሉ ያልቃል፣ ዓሣው የለም

ክሩ ላይ የታሰረው ተንሳፋፊ ይርገበገባል፣ አንድ ስንዝር ይሄዳል፣ ይቆማል። ሲሳብ መንጠቆው ባዶ ነው። አዲስ ትል ይሰካል፤ እንደገና ባዶ።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው መንጠቆው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ነው። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። የለመደው ምግብ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ረቂቅ አልጌና ከድንጋይና ከሣር ላይ እየላጨ የሚበላው ለስላሳ ነገር ነው። ትል ሲያገኝ ጎርሶ አይሮጥም። ጫፉን ይይዛል፣ ይመጠምጣል፣ ከከበደው ወይም ከሻከረው ይተፋዋል። መንጠቆው አፉ ውስጥ ካልገባ ደግሞ ትሉን ከዳር ከዳር እየቆረጠ ይጨርሰዋል፤ እናንተ የምታዩት የተንሳፋፊውን መርገብገብ ብቻ ነው።

የመንጠቆ ቁጥር በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ 12 ቁጥር ከ8 ቁጥር ያነሰ ነው። 1/0፣ 2/0 ተብሎ የተጻፈው ግን በተቃራኒው እያደገ ይሄዳል፤ እሱ ለትልቅ ዓሣ ነው። ለቆሮሶ ከ8 እስከ 12 ያለውን ያዙ፤ ምን ልግዛ ለሚለኝ 10 ቁጥር እላለሁ። ሂርማታ ገበያ ወርዳችሁ «የዓሣ መንጠቆ» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ባለ ሱቁ ያለውን ይሰጣችኋል፤ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ነው። ቁጥሩን ተናገሩ። ከሌለ አትግዙ።

አንድ ወጣት ቀኑን ሙሉ ትል ሲቀልብ ውሎ «ጋሼ፣ ይህ ውሃ የተረገመ ነው» አለኝ። ዘንጉን ተቀብዬ አየሁት። መንጠቆው አውራ ጣት የሚያህል ነው። ለክሩ ማክበጃ የታሰረው የመኪና ዳዶ ነው፤ ያውም ከመንጠቆው አጠገብ። ተንሳፋፊው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ፣ መዳፍ የሚሞላ ቁራጭ ነው። ትሉንና ቦታውን ሳንቀይር ሦስቱን ብቻ ቀየርን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለእራት የሚበቃ ቆሮሶ ይዞ ሄደ። ውሃው ምንም አልነበረበትም።

ቀጥሎ የሚታየው የመንጠቆው ስለት ነው። ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ በቀስታ ጎተት አድርጉት። ከጫረ ደህና ነው፤ ከተንሸራተተ ደንዟል። በትንሽ ሞረድ ከጫፉ ወደ ውጭ ሁለት ሦስት ጊዜ መሳል ይበቃል። አንድ ሌሊት እርጥብ ሆኖ አድሮ የሚዝግና የክር ማሰሪያ ዓይኑ በቅጡ ያልተዘጋ መንጠቆ ግን ሞረድም አያድነውም። እንዲህ ያለውን በፓኬት እየሸጡ ሰውን የሚያደክሙ አሉ። ሳትገዙ በፊት አንዱን አውጥታችሁ ዓይኑን በብርሃን ተመልከቱ፤ ክፍተት ካለው ክሩ በዚያ ሾልኮ ይወጣል።

ሦስተኛው ተንሳፋፊው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚንቀውም እሱን ነው። ተንሳፋፊው ትልቅ ከሆነ ቆሮሶው ወደ ታች ሊጎትት ሲሞክር ይከብደውና ይተፋል። ቀጭን ነገር ፈልጉ፤ የጃርት ወስፌ ካገኛችሁ ከእሱ የሚሻል የለም። ደረቅ ቀጭን ሸምበቆም ይሆናል፤ ሁለቱን ጫፎች በሰም ድፈኑት። የበቆሎ አገዳ ልብ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ቆይቶም ራሱ ይሰጥምና ዓሣ የጎተተ ያስመስላል።

ሚዛኑን ውሃ ዳር ሳይሆን ቤት፣ በባልዲ ውሃ ውስጥ ጨርሱት። ክሩ ላይ ትንንሽ እርሳስ እየጨመራችሁ ከተንሳፋፊው የግማሽ ጥፍር ያህል ብቻ ከውሃው በላይ እስኪቀር ድረስ ሞክሩ። አብዛኛው እርሳስ ወደ ተንሳፋፊው ይጠጋ፤ አንዲት ትንሽ ብቻ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ርቃ ትቀመጥ። እርሳሱን በጥርሳችሁ አትጭመቁ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ልጆችም ሲያደርጉት አይቻለሁ። ጉጠት ተጠቀሙ።

ሚዛኑ ሲስተካከል እስከዚያ ያላያችሁትን ታያላችሁ። ቆሮሶ ምግቡን ከታች አንስቶ ቀና ሲል ትንሿን እርሳስ አብሮ ያነሳታል፤ ስለዚህ ተንሳፋፊው ከመስጠም ይልቅ ከፍ ይላል ወይም ይጋደማል። ብዙ ሰው እስኪሰጥም ይጠብቃል፤ ያኔ ግን ትሉ አልቋል። ተንሳፋፊው ሲጋደም ሳቡ። ሲሰጥምም ሳቡ። ሲርገበገብ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ስትስቡም የእጅ አንጓ ብቻ ይንቀሳቀስ፤ ክንድ ሙሉ ከተወረወረ የቆሮሶው ከንፈር ይቀደዳል።

ትሉን በተመለከተ ትል በሙሉ አትስኩ። የጥፍር ርዝመት ያለው ቁራጭ ይበቃል፤ የሚንጠለጠል ጭራ አይኑረው፣ የመንጠቆው ጫፍም ጥቂት ይታይ። ትል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከርሞ የበሰበሰ የቡና ገለፈት ክምር ሥርና እንሰት ጓሮ ያለው እርጥብ አፈር ይበቃል። ትኩሱ የቡና ገለፈት ይፋጃል፤ ትል አይኖርበትም። ሊጥ ለሚመርጥ ደግሞ የስንዴ ይሁን። የጤፍ ሊጥ እንደ ስንዴው የሚያያይዝ ነገር ስለሌለው ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበተናል። ከስንዴው ሊጥ ጋር ጥቂት ጥጥ አብሮ ከታሸ መንጠቆው ላይ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ትሉ ካለቀ የሚበሉት ጫጩት ዓሦች ናቸው። መርገብገቡ ፈጣንና የማያቋርጥ ከሆነ እነሱ ናቸው። ጥቂት ሜትር ራቁ፣ ጥልቀት ጨምሩ።

ዓሣው ይታያል፣ አይነካም

ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ክብ ክብ ጎድጓዳ ቦታ ካያችሁ የወንድ ቆሮሶ ጎጆ ነው። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ ከተዳቀለ በኋላ በአፏ ትሰበስበዋለች፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉና እስኪጠነክሩም በአፏ ይዛቸው ትቆያለች። በዚያ ጊዜ አትበላም። ስለዚህ አፍንጫዋ ሥር ትል ብታስቀምጡ ዝም ማለቷ ተገቢ ነው። ተዋት። አፏ ያበጠ ሴት በአጋጣሚ ከተያዘች ወዲያው መልሷት፤ አንዷን ማውጣት ልጆቿን ሁሉ ማውጣት ነው።

ሌላው መንስኤ ብርድ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል፤ የበልግ ንጋት ይቀዘቅዛል፣ ቆሮሶ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። በ12 ሰዓት ወርዶ ከመንቀጥቀጥ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ያሞቀውን ዳር መያዝ ይሻላል። ከ10 ሰዓት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ያለውም ጥሩ ነው።

ክሩ ይበጠሳል

ቀሪውን ክር ሳትጥሉ ጫፉን እዩት፤ መንስኤው እዚያው ተጽፏል። ጫፉ እንደ አሳማ ጭራ ከተጠቀለለ ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተፈትቷል። ጫፉ ከሻከረ ድንጋይ ወይም ጉቶ በልቶታል። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክሩ አርጅቷል፣ ወይም ሲቋጠር ተቃጥሏል።

ለተፈታው ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሾልካችሁ በዋናው ክር ላይ ስድስት ጊዜ ጠምጥሙት፤ ጫፉን ከዓይኑ አጠገብ ባለው ቀዳዳ መልሱት፣ በምራቅ አርጥቡት፣ በቀስታ ሳቡት። ማርጠቡን አትዝለሉ። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቃል፣ ከዚያም እዚያው ላይ ይበጠሳል። ያረጀውን በተመለከተ ናይለን ክርን ፀሐይ ይገድለዋል። ሱቅ በር ላይ ለወራት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅልል አዲስ ቢባልም አዲስ አይደለም። ከውስጥ የተቀመጠውን ጠይቁ፤ አንድ ክንድ ያህል ስባችሁ በጨርቅ ይዛችሁ ፈትኑት። ለቆሮሶ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊሜትር፣ ለአምባዛ 0.40 ሚሊሜትር ይበቃል።

የተበጠሰ ክር ውሃ ዳር አትጣሉ። የወፍና የከብት እግር ያስራል።

መንጠቆው ዘወትር ከታች ይያዛል፦ ግድቡ የዋጠው ጉቶ ላይ ናችሁ፤ ቦታ ቀይሩ። ውሃው ከዝናብ በኋላ ደፈረሰ፦ ወንዙ ከሚገባበት ራቁ፤ ቢልጫ የሚባለው ዓሣም በዝናቡ መጀመሪያ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ይለፍ።

ለሌሊት መዘጋጀት

ቦታውን በብርሃን ሳታዩ ሌሊት አትቀመጡ። ግልገል ጊቤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል የሚያመነጭ ግድብ ስለሆነ በጋው ሲረዝም ውሃው ይሸሻል፤ የሚተወው ጭቃ ላዩ ደርቆ ሥሩ የሚያሰምጥ ነው። ቀን በዱላ እየወጋችሁ ሂዱ። ወደ ግድቡ ግንብ አትጠጉ። የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር ሰዎች አስፈቅዱ፤ መረባቸው የተዘረጋበትንም ጠይቁ። መንጠቆው መረብ ከቀደደ ጸቡ ተገቢ ነው።

ባትሪው በአንድ ሰዓት ጨለመ፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሚያምን ሰው የሚገጥመው ነው። ርካሽ የግንባር ባትሪ የሚባለውን ያህል አይቆይም። ከመሄዳችሁ በፊት ቤት አብርታችሁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለኩ፤ ሁለተኛም ያዙ። የስልክ መብራት አይቆጠርም። ውሃው ላይ አታብሩ፤ ዓሣው ይሸሻል። መብራቱን በቀይ የከረሜላ መጠቅለያ ሸፍኑት፤ ነፍሳትም ይቀንሳሉ።

ሌሊት ቆሮሶ ብዙም አይበላም። አምባዛ ግን በጨለማ እያሸተተና በጢሙ እየዳሰሰ ይበላል፤ ስለዚህ ተንሳፋፊው ይቅርና እርሳስ ያለው ክር ከታች ይቀመጥ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ የበግ ቃጭል እሰሩ። መንጠቆውም ክሩም የሌሊቱ ይሁን። ዘንጉን በካስማ አጥብቁት፤ ጎትቶት የሚገባ አለ። ስትይዙት ከክንፉ ጋር ያለው እሾህ ይወጋል፤ ከኋላ፣ ከእሾሁ በስተጀርባ ጨብጡት።

አሁን ስለ ወባ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግድቡ አካባቢ ያደረጉት ጥናት ለውሃው ቅርብ የሚኖሩ ሕፃናት ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይቷል። ትንኟ ከምሽት ጀምራ ትነክሳለች። ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋሉ። ጋቢ ለብርድ እንጂ ለትንኝ አይበቃም። ከሄዳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከጀመራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሌሊት ውሃ ዳር ማደራችሁንም ተናገሩ። ባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ሌሊት አይታሰብ። ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው ማምለጫ የለውም። ሣሩ ተረጋግጦ እንደ መንገድ የተከፈተ ዳር ካያችሁ በየትኛውም ውሃ ቢሆን እዚያ አትቀመጡ። የአዌቱ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ወደ ቦዬ ስለሚወርድ ቀንም ቢሆን የእራት ዓሣ ከዚያ አላወጣም።

መብረቅ ከሰማችሁ ዘንጉን አስተኝታችሁ ከዳሩ ራቁ። እርጥብ ሸምበቆ ቀጥ አድርጎ ይዞ መቆም ሞትን መጥራት ነው። ብቻችሁን አትሂዱ።

ዓሣው ቤት ሳይደርስ ሸተተ

መንስኤው ፌስታል ነው። ዓሣ በፌስታል ታስሮ በታክሲ ሲጓዝ በሙቀት ታፍኖ ይበላሻል። እንደተያዘ ግደሉት፣ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን እዚያው አውጡ፤ ቅሪቱን ግን ውሃው ውስጥ አትጣሉ፣ ቅበሩት። በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቅልሉት፣ አየር በሚያስገባ ቅርጫት አስቀምጡት። የሌሊቱን አምባዛ በቅርጫት ብቻ አትመኑት፤ ከውሃ ውጭ አየር እየሳበ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ሳይገደል ከተቀመጠ ወጥቶ ወደ ውሃው ይሳባል።