«ዘ ራንች»ን ስታዩ ዝምታውንም ስሙ

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በበረዶው ወራት ድርቆሽ ጭኜ ወደ ክሬግ አካባቢ እመላለሳለሁ። ማታ መኪናዬ ውስጥ ጋደም ብዬ ኔትፍሊክስ ላይ ያለውን «ዘ ራንች» የተባለ ኮሜዲ አያለሁ። ሁለቴ ጨርሼዋለሁ። እዩት ያልኳቸው ጓደኞቼ ግን ሁለት ክፍል አይተው ይተዉታል። «ስድብና ቢራ ብቻ ነው» ይሉኛል። ስድቡም ቢራውም አለ፣ አልክድም። ግን አስተያየቱን ካወቃችሁበት ስለ ገጠር ወንዶች ብዙ ይነግራችኋል። እኔ እንዴት እንደማየው ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ማን ቀረ፣ ማን ሄደ የሚለውን ያዙ። ታሪኩ ጋሪሰን በምትባል ልብ ወለድ የኮሎራዶ ከተማ ነው። አባትየው ቦው ቤኔት አይረን ሪቨር የሚባል የከብት እርባታ አለው። ሳም ኤሊየት ነው የሚጫወተው። ታናሹ ልጅ ኮልት፣ ማለትም አሽተን ኩቸር፣ የአሜሪካ ፉትቦል እጫወታለሁ ብሎ ወጥቶ ከ15 ዓመት በኋላ ይመለሳል። ታላቁ ሩስተር ያን ሁሉ ዓመት ከአባቱ ጋር ከብት ሲያግድ ኖሯል። ሩስተርን ባየሁት ቁጥር የጠፋው ልጅ ምሳሌ ላይ ከእርሻ የመጣው ታላቅ ልጅ ትዝ ይለኛል። ለተመለሰው ፍሪዳ ይታረዳል። ለቀረው «አመሰግናለሁ» የሚለው ሰው የለም። የሁለቱ ወንድማማቾች ፉክክር ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ቀጥሎ ትንሽ የከብት ሥራ ማወቅ አለባችሁ፤ አለዚያ የአባትየው ቁጣ ዝም ብሎ ክፋት ይመስላችኋል። ላም የምታረግዘው ወደ 283 ቀን ነው። ብዙ አርቢዎች ጥጆቹን የሚሸጡት በዓመት አንዴ፣ በመኸር ነው። የዓመት ገቢያቸው ማለት እሱ ነው። ድርቅ ከገባ ሣር የለም። ወይ ድርቆሽ ትገዛለህ፣ ወይ ላሞቹን ትሸጣለህ። ላም ከሸጥክ ደግሞ የመጪውን ዓመት ጥጃ አብረህ ሸጥክ ማለት ነው። ቦው ስለ ዝናብ ሲነጫነጭ ይህን አስታውሱ።

አንድ የካቲት ሌሊት ድርቆሽ ላወርድ አንድ እርባታ ደረስኩ። አባትና ልጅ በረት ውስጥ አንዲት ጊደር ያዋልዳሉ። የመጀመሪያዋ ነው፣ ጥጃው ተሰንቅሯል። የጥጃውን የፊት እግሮች በሰንሰለት አስረው፣ ጊደሯ ስታምጥ እየጠበቁ ይስባሉ። ወደ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ጥጃው ወጥቶ ሲተነፍስ አባትየው ጓንቱን አወለቀና ለልጁ ወረወረለት። የልጁ እጅ በብርድ ቀልቶ ነበር። ልጁም ዝም ብሎ አጠለቀው። ነገርየው ሆድ ይፍጀው ነው እዚያ አገር። ፍቅሩም፣ ይቅርታውም፣ ኩራቱም የሚነገረው በሥራ ነው።

እሱን ካየሁ በኋላ ኮሜዲውን ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ኮልት አግ የተባለውን ለስላሳ የበግ ቆዳ ቡት አድርጎ ይመጣል፣ ይሳቅበታል። በመጀመሪያው ዙር እኔም ሳቅኩ። በሁለተኛው ግን ጫማውን እንደ ጥያቄ አየሁት። እዚያ ቤት ጫማ ለጭቃ፣ ለእበትና ለእርካብ ነው። ሲቀልዱበት «ልትቀር ነው ወይስ ልትሄድ?» ብለው እየጠየቁት ነው። ይህን በቀጥታ የሚጠይቅበት ቋንቋ ያለው ሰው ግን እዚያ ቤት የለም።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። ሥራው የተቀረጸው ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ተመልካች ፊት ነው። ሳቁ የእነሱ ነው። ሳቁ ድንገት ሲቆም አንድ ደቂቃ ወደኋላ መልሱት። ከዝምታው በፊት የተወረወረውን ስድብ ድጋሚ ስሙ። አብዛኛውን ጊዜ ስድቡ ውስጥ ልመና ታገኛላችሁ።

ሴቶቹንም አትለፏቸው። እናትየው ማጊ የባር ባለቤት ናት፤ ከባሩ ኋላ ባለ ተጎታች ቤት ትኖራለች። የኮልት የድሮ ፍቅረኛ አቢ ደግሞ አስተማሪ ናት። ወንዶቹ የዋጡትን አውጥተው የሚናገሩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። እኔ ድርቆሽ በማወርድበት እርባታ ትራክተሩን የምትነዳው ሚስትየው ናት። ኮሜዲው እንደ እሷ ያለችውን ሴት በበቂ አላሳየም። መጠጡንም በብዛት ለሳቅ ብቻ ተጠቅሞበታል። አባትና ልጆቹ ያለ ጠርሙስ መነጋገር የማይችሉባቸውን ቦታዎች ስትቆጥሩ ያሳዝናችኋል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ሩስተርን የተጫወተው ዳኒ ማስተርሰን የመድፈር ክስ ተሰምቶበት እ.ኤ.አ. በ2017 ከሥራው ተሰናበተ። በ2023 ጥፋተኛ ተብሎ ከ30 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። በዚህ ምክንያት አላይም የሚል ሰው ካለ መብቱ ነው፣ አልከራከረውም። የምታዩ ከሆነ ግን ገጸ ባሕርዩ መሃል ላይ ለምን እንደጠፋ ይገባችኋል። ቤተሰቡ እሱን ሲያጣ የሚመጣው ሐዘን የሥራው ከባዱ ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

በጠቅላላው 80 ክፍል ነው፤ ከ2016 እስከ 2020 ነው የወጣው። በቀን ሁለት ይበቃል። ከተቻለ ደግሞ ብቻችሁን አትዩት። እኔ ታላቅ ወንድሜን በስልክ ይዤ አብረን ነው የምናየው። እሱ እቤት ከአባታችን ጋር የቀረው ነው፤ እኔ የሄድኩት ነኝ። በቀደም ሩስተር ኮልትን «አንተ ስትሄድ እኔ ነበርኩ እዚህ» በሚል ስሜት የሚያፈጥበት ቦታ ደረስን። ወንድሜ ብዙ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አለህ?» አልኩት።

«አለሁ። እስቲ እሷን መልሳት» አለኝ።

መለስኳት።