ነርቭ ተጎድቶ ሽንት መቋጠር ሲያቅት፦ ፊኛን በሰዓቱ ባዶ ማድረግ

ኅብለ ሰረሰሩ በአደጋ ወይም በአከርካሪ ቲቢ የተጎዳ፣ ወይም የስኳር ሕመም ለዓመታት ነርቮቹን ያዳከመበት ሰው ሽንቱ ሳያስበው ሲያመልጠው፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያስበው ዳይፐር መግዛትን ነው። ዳይፐር ልብስን ያድናል፤ ኩላሊትን ግን አያድንም። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ሽንት ከሞላ ፊኛ የተረፈው ብቻ ስለሆነ፣ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሲረጥብ ውሎም ፊኛው ውስጥ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ሊቀር ይችላል። የቀረው ሽንት ኢንፌክሽንና ጠጠር ያመጣል፤ የፊኛው ግፊት ከፍ ብሎ ሲቆይ ደግሞ ኩላሊት ምንም ሳያሳምም ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ምን ያህል ሽንት እንደሚቀር ይለካ። ሐኪሙ ሕመምተኛው ከሸና በኋላ ፊኛውንና ኩላሊቱን በአልትራሳውንድ ያያል፤ የሽንትና የደም ምርመራም ያዛል። እናንተ ደግሞ ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ለሦስት ቀናት የጠጣችሁትን፣ ሚሊ ሊትር በተጻፈበት ጆግ ለክታችሁ የሸናችሁትን፣ ያመለጣችሁንም ሰዓት መዝግቡ። ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ከረጅም ገለጻ ይልቅ ሐኪሙን ይረዳዋል።

ፊኛው በራሱ ባዶ የማይሆን ከሆነ ዋናው መፍትሔ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ማስወጣትና ቱቦውን ወዲያው ማውጣት ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሐኪም ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቻቸው ይህን ሥራ ሕመምተኛው ራሱ ቤቱ ውስጥ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ዓይነት ጥንቃቄ ሳያስፈልገው፣ በንጹሕ እጅ ሊሠራው እንደሚችል አሳዩ። የመጀመሪያውን ጊዜ ግን ነርስ ወይም ሐኪም አጠገባችሁ ሆኖ ያስተምራችሁ፤ የቱቦውንም መጠን እሱ ይምረጥላችሁ።

እጃችሁንና ብልታችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፤ ሴቶች ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ። ቱቦውን ውኃ በሚያጥበው ማለስለሻ ጄል ቀቡት፤ ቫዝሊን አትጠቀሙ። ወንድ ብልቱን ወደ ሆዱ አቅጣጫ ቀና አድርጎ ይዞ ቱቦውን በዝግታ ያስገባል፤ መንገዱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ አልሄድ ካለ በኃይል አይግፋው፤ ረጅም ትንፋሽ ወስዶ ይጠብቅ፤ አሁንም እምቢ ካለ ወይም ደም ከታየ ትቶ ወደ ሐኪም ይሂድ። የሴት መንገድ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለጀማሪዋ የሚያስቸግራት ቀዳዳውን ማግኘት ነው፤ ትንሽ መስታወት ይረዳታል። ቱቦው በስሕተት ልጅ ወደሚወለድበት መንገድ (ወደ ሴት ብልት ውስጥ) ከገባ እዚያው ለምልክት ይተውና በሌላ አዲስ ቱቦ ከፍ ብሎ ይሞከር። ሽንት መውረድ ሲጀምር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ አስገቡ፤ ሲያበቃም ቀስ እያላችሁ አውጡ፤ መሐል ላይ እንደገና ከወረደ ቆም በሉ።

አንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ያለውን ሰዓት አሳጥሩ። ልብሴ ይረጥባል ብሎ ውኃ መጠጣትን የሚተው ብዙ ነው፤ ይህ ሽንቱን አወፍሮ ለኢንፌክሽንና ለድርቀት ያጋልጣል። ይልቅስ ቀን ጠጥታችሁ ወደ መኝታ ሰዓት ቀንሱ። የሆድ ድርቀትም ፊኛን ስለሚጫን ሳይዘገይ ይታከም።

ፊኛው ሳይሞላ የሚኮማተር ከሆነ ሐኪሙ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያለ መድኃኒት ያዛል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድም ያደርቃል። ይህ ካልሠራ በፊኛው ግድግዳ ላይ የሚወጋ፣ ጡንቻውን የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ አለ፤ ኃይሉ ከወራት በኋላ ስለሚያልቅ ይደገማል፤ ሽንት ሊያስቀር ስለሚችልም ቱቦ መጠቀምን አስቀድሞ መልመድ ይገባል።

በቱቦ የሚሸና ሰው ሽንቱ ደፍረስ ቢልና ቢሸት፣ ሌላ ምልክት ከሌለ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ በከንቱ ሲዋጥ የሚተርፈው መድኃኒት የማይበግረው ተሕዋስ ነው። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም ደም ሲኖር ግን ወዲያው ሂዱ። ጉዳቱ ከ6ኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ድንገት ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ላብ ቢመጣበት፣ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊጨምር ስለሚችል አስቀምጡት፤ የጠበቀ ልብሱን አላሉት፤ ፊኛውን ባዶ አድርጉ፤ ካልተሻለው ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።