አዲስ አጓጓዥ ፕሮቲን ስትፈልጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው ካላዛር ይዟቸው የሚመለሱ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚታከሙት ጎንደር ነው። ስለዚህ እዚህ ባዮኬሚስትሪ ለሚማር ሰው የሕዋስ ሽፋን አጓጓዥ ፕሮቲን፣ ማለትም ንጥረ ነገሮችን በሽፋኑ የሚያሻግር ፕሮቲን፣ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። አይጦች የካላዛርን ጥገኛ እንዲቋቋሙ የሚረዳው ኤንራምፕ1 የተባለ ፕሮቲን ራሱ አጓጓዥ ነው። በሰው ልጅ ኤስኤልሲ በሚባለው ቤተሰብ ብቻ ከ400 በላይ የአጓጓዥ ጂኖች አሉ። ከእነሱም በርካቶቹ ምን እንደሚያጓጉዙ ገና አልታወቀም። ሥራው ሰፊ ነው፤ መሳሳቻውም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ስህተት በመልክ መፍረድ ነው። የኤንራምፕ1 ጂን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲለይ የሻጋታን ናይትሬት አጓጓዥ ስለመሰለ፣ እሱም ናይትሬት ሳያጓጉዝ አይቀርም ተባለ። በኋላ ሲጣራ የሚያጓጉዘው ብረትንና ማንጋኒዝን የመሳሰሉ ማዕድናት ሆኖ ተገኘ። ኤምሲቲ8 የተባለውን አጓጓዥም እዩት፤ የሚመስላቸው ዘመዶቹ እነ ኤምሲቲ1 ላክቴት ሲያጓጉዙ እሱ የታይሮይድ ሆርሞን ያጓጉዛል። የጂን ቅደም ተከተል ማነጻጸር ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ በነጻ ስለሚሠራ እሰየው ነው። ግን መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው፣ የተጣበቀውን እንደገባ መቁጠር ነው። የምትለኩት ንጥረ ነገር ሕዋሱ ላይ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል። በበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ቶሎ እጠቡ፤ ማጓጓዝ በጣም በሚዘገይበት በ4 ዲግሪ የተሠራ ማነጻጸሪያም ይኑራችሁ። አንድ ሰዓት ጠብቃችሁ ከለካችሁ የምታዩት የመግቢያውን ፍጥነት ብቻ አይደለም። ሕዋሱ የገባውን ምን እንዳደረገውም አብሮ ይደባለቃል። ግራፉ ገና ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ወይም ደቂቃዎች ለኩ።

አጋዡን አጓጓዥ ማለት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ውጤቱ እውነት ሆኖ ትርጉሙ ይሳሳታልና። እ.ኤ.አ. በ1992 4ኤፍ2ኤችሲ የተባለ ፕሮቲን አርኤንኤ በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ሲወጋ የአሚኖ አሲድ አወሳሰድ ጨመረ። ማን አጓጓዘው? እሱ ነው ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን 4ኤፍ2ኤችሲ ሽፋኑን የሚያቋርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህ ለአጓጓዥ እንግዳ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ላት1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሲገኝ ነገሩ ተፈታ። የሚያጓጉዘው ላት1 ነው፤ 4ኤፍ2ኤችሲ ደግሞ ተጣምሮት ወደ ሽፋኑ ያደርሰዋል። እንቁላሉም የራሱ አጓጓዥ ነበረው፤ የጎደለው አድራሹ ነበር። ስለዚህ አወሳሰድ ጨመረ ብላችሁ አትቁሙ። ሽፋኑ ላይ ቢደርስም የማያጓጉዝ የተለወጠ የፕሮቲኑ ቅጂ ሠርታችሁ አወዳድሩ። ከተቻለ ፕሮቲኑን አጣርታችሁ ሊፖሶም (ሰው ሠራሽ የስብ ከረጢት) ላይ ብቻውን ሞክሩት። ውድና አድካሚ ነው፤ ለብቻ የሚከብድ ከሆነ አቅሙ ካለው ላብ ጋር መተባበር ይሻላል።

ጂኑን ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ አጥፍቶ መደምደምም አለ። አወሳሰዱ የቀነሰው የሶዲየም ሚዛን ስለተናጋ ሊሆን ይችላል። ጂኑን መልሱና አወሳሰዱም ይመለስ እንደሆነ እዩ። ምንም ለውጥ ካልታየም ፕሮቲኑን አትጣሉት፤ ሌላ አጓጓዥ ሸፍኖለት ይሆናል።

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ይበላል። ፕሮቲን በጄል ለይቶ ለሚያሳየው ዌስተርን ብሎት ሳምፕሉን እንደ ልማዳችን በ95 ዲግሪ ስናፈላው፣ ሽፋኑን ደጋግሞ የሚያቋርጥ ፕሮቲን ይጓጉልና ጄሉ አናት ላይ ይቀራል። ከዚያ ፕሮቲኑ የለም ይባላል። ሳምፕሉን ለሁለት ክፈሉት። አንዱን አፍሉ፣ ሌላውን በ37 ዲግሪ ብቻ አሙቁና ጎን ለጎን አሂዷቸው።